ተመራማሪና የጤና ባለሙያ አብረው ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ምርምርንና የጤና ሥራን ስታጣምር ቆይታለች። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነበር። ያም ሆኖ ለጥናት መረጃ መሰብሰቢያ ታብሌትና መተግበሪያ ይዘን ወደ ጤና ኬላ ስንወርድ እነዚህ ስህተቶች ይደጋገማሉ።

ባለሙያዋን ዘግይቶ መጥራት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትጠራው አብዛኛውን ጊዜ ለሥልጠና ነው። ያኔ ጥያቄው ተቀርጾ፣ በጀቱ ተደልድሎ አልቋል። ቀድማ ብትጠየቅ ኖሮ ቢያንስ ሥልጠናው ጎንደር አቅራቢያ ባለችው ደንቢያ ላይ ወባ በሚበረታበት በጥቅምትና በኅዳር እንዳይሆን ትናገር ነበር።

ሥራ መደረብ። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለኛል። ባለሙያዋ የቤተሰብ ፎልደሩን (የእያንዳንዱ ቤተሰብ የጤና መረጃ የሚያዝበትን የወረቀት ማኅደር) ከመደርደሪያ አውጥታ በእጅ ትሞላለች፤ ያንኑ ታብሌቱ ላይ ትደግመዋለች፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ለሪፖርት ትደምረዋለች። ቀን ቤት ለቤት ስትዞር ስለምትውል ታብሌቱ የሚሞላው ማታ ነው፣ ከወረቀት እየተገለበጠ። ተመራማሪው ግን እናቲቱ ፊት የተመዘገበ መረጃ ያገኘ ይመስለዋል። አዲስ ቅጽ ከመጨመራችሁ በፊት የትኛው ወረቀት እንደሚቀር ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

የአገሩን ቀንና ስም መርሳት። እናት ልጇ የተወለደው «ለጊዮርጊስ፣ ሚያዝያ 23» ነው ትላለች። መተግበሪያው የፈረንጅ ቀን ብቻ ከተቀበለ ባለሙያዋ በጭንቅላቷ ልታሰላ ነው። የመጀመሪያው የፔንታ (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው) ክትባት በ6 ሳምንት፣ የኩፍኝ በ9 ወር የሚሰጥ ስለሆነ የስሌት ስህተት ቀጠሮውን ያዛባል። ስምም እንዲሁ ነው፦ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ካለ እናትና ልጅ የማይዛመዱ ሰዎች ሆነው ይመዘገባሉ፤ እሷ የምትጠራው በአባቷ፣ ልጁ በአባቱ ስም ነውና።

ኔትወርክ እንዳለ መቁጠር። ከከተማ ወጣ ሲባል ይጠፋል፤ መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ መጥፋት። የተሰበረ ታብሌት ማን እንደሚያስጠግን ገና ሲጀመር ይወሰን።

ውጤቱን ይዞ መሄድ። ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለምርምር ልደትና ሞት ቤት ለቤት እየተጠየቀ ይመዘገባል። በሩን ከፍቶ የሚመልስ ሰው ውጤቱን የመስማት መብት አለው፤ በእንግሊዝኛ ጆርናል ላይ መውጣቱ ለእሱ ምንም አይደለም። በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፉና ቀበሌው ስብሰባ ላይ አንብቡለት። ባለሙያዋም ለጥናቱ ሐሳብ ያመነጨች ከሆነ፣ ስሟ ምስጋናው ሥር ሳይሆን ከጸሐፊዎቹ ተርታ ይግባ።