«ቶክሶ ፖዘቲቭ» የሚል ውጤት ምን ይነግረናል? ቶክሶፕላዝሞሲስን ደረጃ በደረጃ መለየት

«ቶክሶ ፖዘቲቭ» የምትል ትንሽ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው በድንጋጤ የሚዞሩ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። አንዷ ጽንስ ወርዶባት ምክንያቱን ስታፈላልግ፣ ሌላዋ ለእርግዝና ክትትል ሄዳ ያገኘችው ውጤት ነው። ወረቀቷ ግን ብዙውን ጊዜ የምትናገረው፣ ሰውነት ቶክሶፕላዝሞሲስ (ባጭሩ ቶክሶ) የተባለውን በሽታ ከሚያመጣው ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ ከሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ጋር አንድ ወቅት መገናኘቱን እንጂ ዛሬ መታመሙን አይደለም። በኢትዮጵያ በተካሄዱ በርካታ ጥናቶች ከተመረመሩት አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፖዘቲቭ ሆነው ስለተገኙ፣ ውጤቱን ብቻ አይቶ በሽታ አለ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ታማሚው ማን እንደሆነ መለየት ነው። ተሕዋሱ ጤናማ በሆነ ሰው፣ የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው፣ በነፍሰ ጡርና በጨቅላ ሕፃን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ የምርመራው መንገድም እንደዚያው ይለያያል።

ቀጥሎ አኗኗሩ ይጠየቃል። ብዙዎች የሚጀምሩት «ቤት ውስጥ ድመት አለ?» በማለት ነው። ይሁንና ድመት የተሕዋሱን እንቁላል መሰል ቅንጣቶች ከዓይነ ምድሯ ጋር የምታወጣው በአብዛኛው ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘችበት ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ከወራት እስከ ከዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። በመሆኑም ድመት አሳድጎ የማያውቅ ሰው በደንብ ካልታጠበ አትክልት፣ ካልታከመ ውኃ ወይም ከአፈር ሊያዝ ይችላል። እንደ እኔ እምነት በአገራችን ከድመት ይልቅ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎና ለብ ለብ መብላት ነው፤ ተሕዋሱ በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ ተደብቆ ይኖራልና።

ሦስተኛው እርምጃ ምልክቱን መመልከት ነው። ጤናማ ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ያልፋሉ። ምልክት ከታየ በብዛት የሚገኘው አንገት ላይ የሚወጣ ንፍፊት ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ሽምብራ ወይም ባቄላ የሚያህል፣ የማያመረቅዝ፣ ብዙም የማያም እብጠት ሲሆን፣ ድካምና ቀላል ትኩሳት ሊከተሉት ይችላሉ። ይህ መልክ የንፍፊት ቲቢንና የንፍፊት ካንሰርንም ስለሚመስል፣ ለሳምንታት ያልጠፋ እብጠት በቶክሶ ምርመራ ብቻ ሊታለፍ አይገባም። በአንድ ዓይን ብዥታ፣ ብርሃን መጥላት ወይም የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ሲኖር ደግሞ፣ የዓይን ሐኪሙ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናውን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ ማየት አለበት።

አራተኛው የደም ምርመራውን በትክክል ማንበብ ነው፤ ስሕተቱ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ላቴክስ የሚባለው ፈጣን ምርመራ አሮጌውን ኢንፌክሽን ከአዲሱ አይለይም። ለመለየት አይጂጂና አይጂኤም የተባሉት አንቲቦዲዎች (ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች) ለየብቻ መታየት አለባቸው፤ አይጂኤም ቀድሞ የሚወጣው፣ አይጂጂ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ነው። አይጂጂ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ኔጋቲቭ ከሆነ ኢንፌክሽኑ የቆየ ነው፤ የመከላከል አቅሟ ያልተዳከመ ሴት ከሆነች ለጽንሷ የሚያሰጋ አይደለም። ሁለቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ እስካሁን አልተያዘችም ማለት ስለሆነ፣ በእርግዝናዋ ወቅት ከጥሬ ሥጋ መራቅ ያለባት እርሷ ናት። አይጂኤም ፖዘቲቭ ሲሆን ግን መቸኮል አያስፈልግም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ከዓመት በላይ ይቆያል፣ አንዳንዴም በሐሰት ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ በዚያው ላቦራቶሪ መድገም፣ ከተቻለም አይጂጂው ተሕዋሱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካውን አቪዲቲ የሚባል ምርመራ ማሠራት ይገባል። አቪዲቲው ከፍተኛ ከሆነ ኢንፌክሽኑ በግምት 4 ወር ያለፈው ነው፤ ዝቅተኛ መሆኑ ግን ብቻውን አዲስ ነው አያሰኝም። በእርግዝና ወቅት አዲስ ኢንፌክሽን ከተረጋገጠ፣ ጽንሱ መያዙን ለማወቅ ከ18ኛው ሳምንት በኋላ የእንሽርት ውኃ ተወስዶ የተሕዋሱን ዘረመል በሚፈልገው በፒሲአር ምርመራ ይታያል።

ጊዜ የማይሰጠው ጉዳይ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር፣ ሲዲ4 (በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት) ቁጥሩ ከ100 በታች የወረደና መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ ሰው ነው። በቀናት ውስጥ የበረታ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ንግግር መዘባረቅ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም መንቀጥቀጥ ከታየበት ያንኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያስተውለው «ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል» ወይም «የልጁን ስም ይረሳል» ብሎ ነው፤ ይህንንም ለሐኪሙ መናገር ይገባል። በደም ሥር ማቅለሚያ ተሰጥቶ በሚነሣ ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ፣ ዙሪያቸው እንደ ቀለበት የሚያበራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ የሆኑ ቁስሎች ይታያሉ። በአንጎል የሚወጣ የቲቢ እብጠትና ሊምፎማ የሚባለው ካንሰርም ተመሳሳይ መልክ ስላላቸው፣ ሐኪሞች ሕክምናውን ጀምረው ለውጡን በመከታተል ያረጋግጣሉ፤ ቶክሶ ከሆነ አብዛኛው ታማሚ በ2 ሳምንት ውስጥ መሻሻል ያሳያል። መሻሻል ከሌለ ናሙና መውሰድ ይታሰባል። የአንጎል እብጠቱ ካላስገደደ በቀር ስቴሮይድ የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት የማይሰጠው፣ ሊምፎማንም ለጊዜው ስለሚያስታግስ ምላሹን ስለሚያምታታ ነው።

ከተያዘች እናት በተወለደ ሕፃን ደም ውስጥ የሚገኘው አይጂጂ ከእናቱ የተሻገረ ሊሆን ይችላል፤ የሕፃኑ የራሱ አይጂኤም ወይም አይጂኤ የተባለው ሌላ አንቲቦዲ መገኘቱ ግን ኢንፌክሽኑን ያመለክታል። የእናቱ አይጂጂ ዓመት ሳይሞላ ስለሚጠፋ፣ ከ12 ወር በኋላም ካለ ሕፃኑ ተይዟል ማለት ነው። ሲወለድ ጤናማ የሚመስል ሕፃን ከዓመታት በኋላ የዓይን ቁስል ሊወጣበት ስለሚችል፣ የዓይን ክትትሉ በአንድ ቀጠሮ የሚያበቃ አይደለም።