ጡጦና ጀርም፦ የቱን መጠንቀቅ፣ የቱን መተው

አዲስ ወላጅ ጀርምን የሚፈልገው ወለል ላይ፣ ልብስ ላይ፣ ሊጠይቅ በመጣ ሰው እጅ ላይ ነው። በጡጦ ለሚመገብ ሕፃን ግን ይበልጥ የሚያሰጋው በአግባቡ ባልታጠበ ጡጦ ውስጥ ለብ ብሎ የቆየ ወተት ነው። ጥቂት ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ በሰዓታት ብዙ ይሆናል። ድካሙ መዋል ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

ሕፃኑ ጠጥቶ እንደጨረሰ ጡጦውን ሙሉ በሙሉ ይፍቱት። ጫፉ ከቀለበቱ ይለይ፤ አየር ማስገቢያ ካለውም ይውጣ። ሳይፈታ የታጠበ ጡጦ ቀለበቱ ሥር ወተት ይቀርበታል፣ ሽታውም ከዚያ ይመጣል። በሚፈስ ውሃ ካለቀለቁት በኋላ ለጡጦ ብቻ በተለየ ሳፋ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በራሱ ብሩሽ ይጠቡት። ጥሬ ሥጋ በሚታጠብበት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ በቀጥታ አይዘፍዝፉት። በጫፉ ቀዳዳ ውሃ ጨምቀው ያሳልፉ። በወጥ ቤት ፎጣ ማድረቅ እጥበቱን መልሶ ማበላሸት ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍተው በአየር ይድረቅ። ሳፋውና ብሩሹም መታጠብ አለባቸው፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

መቀቀል የሚመጣው ከእጥበት በኋላ ነው፤ የደረቀ ወተት ለጀርሙ መጠለያ ይሆናል። ክፍሎቹ በሙሉ ውሃው ውስጥ ይጥለቁ፣ ውስጣቸው አየር አይቅር፣ ውሃው ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ ይቆዩ። ሕፃኑ ከ2 ወር በታች ከሆነ፣ ያለጊዜው ከተወለደ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ ደካማ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ ይቀቅሉ። ከፍ ላለ ጤነኛ ሕፃን በጥንቃቄ ማጠቡ ከቀጠለ በየቀኑ መቀቀል ላያስፈልግ ይችላል።

የዱቄት ወተት ጣሳው ታሽጎ ቢመጣም ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ክሮኖባክተር የተባለው ባክቴሪያ በደረቅ ዱቄት ውስጥ ይቆያል፤ ሕመሙ እምብዛም ባያጋጥምም በጨቅላ ላይ የደም መመረዝና ማጅራት ገትር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ እንዲበጠበጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። በተግባር ውሃውን አፍልተው ከ30 ደቂቃ ሳያልፍ ይጠቀሙበት። እጅዎን በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል ይታጠቡ፣ መጀመሪያ ውሃውን ለክተው ይቅዱ፣ ከዚያ በጣሳው ማንኪያ ልክ በልክ የሞላ ዱቄት ይጨምሩ። እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን ከጀርም ያላነሰ አደጋ አለው፤ የሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። የተከደነውን ጡጦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመው ያብርዱና ከእጅዎ አንጓ በላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩት። ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። በማይክሮዌቭ አያሙቁ፤ ጡጦው ቀዝቀዝ ብሎ መሃሉ ያለው ወተት አፍ ሊያቃጥል ይችላል።

የተበጠበጠ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም። ወዲያው አብርደው ፍሪጅ ካስገቡት እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ያስቀምጡት። ሕፃኑ አፉን ያሳረፈበት ትራፊ ግን ምራቅ ስለገባበት ለሚቀጥለው ጊዜ አይቀመጥም። ያሳዝናል፣ ግን ይደፋ። የታለበ የእናት ጡት ወተት የበለጠ ይታገሣል፦ እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን።

የሚተወውም ብዙ ነው። ከእያንዳንዱ ጡት ማጥባት በፊት ጡትን በሳሙና መፈተግ አያስፈልግም፤ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ጉንፋን የያዛት እናት ማጥባቷን አታቋርጥ፣ እጇን ታጥባና አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ትቀጥል፤ በወተቷ ውስጥ መከላከያም ይተላለፋል። ግድግዳና ወለል በየቀኑ በበረኪና ማጠብ ለሕፃኑ የሚተርፈው ሽታው ነው። ጡጦውን ደጋግመው ማጠብ እንቅልፍ ከነሳዎት፣ እጅዎ እስኪቆስል ከታጠቡ ወይም ሌላ ሰው እንዲያበላው መፍቀድ ካቃተዎት ለሐኪም ይንገሩ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ሕክምና አለው።

ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተኮሰ፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ሲቀሰቅሱት ከፈዘዘ ወይም ሽንቱ ከወትሮው በግልጽ ካነሰ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።