የጂአይኤስ ማስተርስን በኦንላይን እንዴት ይማራሉ?

ጂአይኤስ፣ ማለትም የካርታና የመልክዓ ምድር መረጃ ቴክኖሎጂ፣ ለኦንላይን ትምህርት ከሚመቹ ሙያዎች አንዱ ነው። ላቦራቶሪው ላፕቶፕዎ ነው። ዳታውም አብዛኛው በነፃ ይወርዳል። የሚከብደው ብቻዎን መሆንዎ ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ካርታው እምቢ ሲል አጠገብ ያለውን ተማሪ ጠይቀው በ2 ደቂቃ የሚፈቱት ነገር፣ ለብቻ ሲሆን ሙሉ ማታ ይበላል። እንዲህ የሚባክነውን ማታ ለመቀነስ የጠቀሙኝን ነገሮች በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. ሰዓትዎን ይቁጠሩ

«ለሠራተኛ የሚመች» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ወደ ሰዓት ይቀይሩት። በብሪታንያ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት የ10 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይታሰባል። ድምሩ 1,800 ሰዓት መሆኑ ነው። ብዙ የአውሮፓ አገሮች በሚጠቀሙበት ኢሲቲኤስ በተባለው የክሬዲት ሥርዓት ደግሞ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይይዛል።

ለዕረፍት፣ ለሕመምና ለቤተሰብ ጉዳይ በዓመት 10 ሳምንት ቢቀንሱ 42 ሳምንት ይቀርዎታል። 1,800ውን ሰዓት በ2 ዓመት ልጨርስ ካሉ በሳምንት 21 ሰዓት ገደማ ይደርስዎታል። በ3 ዓመት ከሆነ 14 ሰዓት ገደማ። 14 ሰዓት ማለት በሳምንት ሦስት ማታ ሦስት ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ 5 ሰዓት ነው። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው የእኔ ምክር 3 ዓመቱ ነው። ይህን ሂሳብ ከመመዝገብዎ በፊት አብረዎት ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት።

2. የኮርሶቹን ዝርዝር ያንብቡ

በዚህ መስክ በርቀት የሚያስተምሩ ተቋማት ብዙ ናቸው። የአሜሪካው ፔን ስቴት አለ፤ በተለያዩ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ያቀፈው ዩኒጂስም አለ። ከስማቸው በፊት ግን የሚያስተምሩትን ይመልከቱ። የስፓሻል ዳታቤዝ (የቦታ መረጃ ማከማቻ)፣ የፕሮግራሚንግ እና የሪሞት ሴንሲንግ (ምድርን በሳተላይት ምስል የማጥናት) ኮርስ የሌለው ፕሮግራም ቢቀርብዎት ይለፉት እላለሁ። የአንድ ሶፍትዌር ቁልፎችን ብቻ የተማረ ሰው ሶፍትዌሩ ሲቀየር ይቸገራል።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በኢሜይል ይጠይቁ፦ ትምህርቱ በቀጥታ ስርጭት ነው ወይስ በራስ ሰዓት? የሶፍትዌር ፈቃዱን ማን ይሸፍናል? መሃል ላይ ቢያቆሙ በተማሩት ልክ ሰርተፊኬት ወይም ዲፕሎማ ይሰጣሉ? ዲግሪውን ሊጠቀሙበት ያሰቡት አገር የኦንላይን ማስተርስ እውቅና መስጠቱንም የሚመለከተውን አካል ይጠይቁ። ይሄን ለምረቃ ማግስት አያቆዩት።

3. ላፕቶፑ

አርክጂአይኤስ ፕሮ የተባለው የሚከፈልበት የጂአይኤስ ሶፍትዌር የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። ማክ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ኪውጂአይኤስ ግን ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ራሙ 16 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ቢሆን ጥሩ ነው። ኮምፒውተርዎ ደካማ ከሆነ ወይም ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ያግዝዎታል። የሳተላይት ምስሎቹን ሳያወርዱ ስሌቱ እዚያው ሰርቨር ላይ ያልቃል።

4. ትምህርቱ ሳይጀመር ፕሮጀክሽን ይረዱ

አንድ ነገር ብቻ ቀድመው ተማሩ ብባል የምመርጠው ይህን፣ ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማሳረፊያውን ዘዴ ነው። ራስተር (በጥቃቅን ካሬዎች የተሠራ ምስል) እና ቬክተር (ነጥብ፣ መስመርና ቅርጽ) በቀላሉ ይገባሉ፤ ሰውን የሚያስለቅሰው የመጋጠሚያ ሥርዓት፣ ማለትም ቦታን በቁጥር የሚገልጸው ዘዴ ነው።

ስልክዎ ላይ ያለው ጂፒኤስ ቦታን የሚነግርዎት ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሥርዓት፣ በዲግሪ ነው። ዲግሪ ግን የርቀት መለኪያ አይደለም። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 60ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ሲደርስ በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ የአንድን ማሳ ስፋት በዲግሪ ካሰሉ የሚወጣው ቁጥር ትርጉም የለውም። ለስፋትና ለርቀት በሜትር የሚለካ ሥርዓት ያስፈልጋል። የተለመደው ዩቲኤም ነው። ዓለምን እያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው 60 ዞኖች ይከፍላል። የእርስዎ ቦታ በየትኛው ዞን እንዳለ ፈልገው ቁጥሩን በቃልዎ ይያዙት።

ሌላው ወጥመድ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ትዕዛዞች ናቸው። አንዱ ለሌየሩ (ለካርታው አንድ ንብርብር) የመጋጠሚያ ሥርዓቱን ስም ይሰጠዋል። ሁለተኛው ቁጥሮቹን ራሳቸውን ወደ ሌላ ሥርዓት አስልቶ ይቀይራል። በፓውንድ የተመዘነ ዕቃ ላይ «ኪሎ» ብሎ መለጠፍ ሚዛኑን እንደማይቀይረው ሁሉ፣ የመጀመሪያውም ዳታውን አይቀይረውም። እኔ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይህን አምታትቼ መንገዶቹ ሁሉ ከቦታቸው ሸሹብኝ። ስህተቱን እስካገኘው አራት ማታ ሄደ።

ነጥቦችዎ ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ፣ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከወደቁ ደግሞ አይደንግጡ። ዜሮ ዲግሪ ኬክሮስና ዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ የሚገናኙት እዚያ ነው፤ የሙያው ሰዎች ነል አይላንድ ይሉታል። መጋጠሚያው ባዶ የሆነ ወይም የተበላሸ ዳታ እዚያ ያርፋል። ሰንጠረዡን ይክፈቱና ዜሮዎቹን ይፈልጉ።

5. አንድ ቦታ ይምረጡና ሙጥኝ ይበሉ

አሳይመንቶች ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ዳታ ይሰጣሉ። የተሰጠዎትን ከሠሩ በኋላ ያንኑ ሥራ በደንብ በሚያውቁት አንድ ቦታ ላይ ይድገሙት። ከፍታውን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በመንኮራኩር ከተሰበሰበው ኤስአርቲኤም ያገኛሉ። መንገዱንና ሕንፃውን ኦፕንስትሪትማፕ ይሰጥዎታል። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል እስከ 10 ሜትር ዝርዝር ድረስ ያሳያል። ላንድሳት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያለ የሳተላይት ምስል ማህደር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በነፃ ተከፍቷል።

ይህ ተጨማሪ ሥራ ይመስላል፤ ግን በጣም ይክሳል። ቦታውን ስለሚያውቁት ስህተቱን በዓይንዎ ይይዙታል። ኮምፒውተሩ ሐይቁን ጫካ ብሎ ሲመድበው ወዲያው ያያሉ። በማያውቁት አገር ዳታ ላይ ግን የተሳሳተ ካርታ ሠርተው ጥሩ ነው ብለው ሊያስረክቡ ይችላሉ።

6. ፋይል አያያዝ

ሦስት ፎልደር ይበቃል፦ ጥሬው፣ የሚሠራበት፣ ያለቀለት። ጥሬውን በፍጹም አይንኩ። ሼፕፋይል የተባለው የተለመደ የካርታ ዳታ ዓይነት አንድ ፋይል አለመሆኑንም ያስታውሱ፤ ቅርጹ፣ ማውጫውና ሰንጠረዡ ለየብቻ ናቸው። ለሰው ሲልኩ አንዱ ከቀረ በትክክል አይከፈትም። የዓምድ ስሞቹንም 10 ፊደል ላይ ይቆርጣል። ምርጫው የእርስዎ ከሆነ ጂኦፓኬጅ ይጠቀሙ፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል ይይዛል።

የሠሩትን በየቀኑ ሁለት መስመር ይጻፉ። ከወር በኋላ «ይህን ሌየር ከየት አመጣሁት?» ብለው ሲጨነቁ ያመሰግኑኛል።

7. ጥያቄ አጠያየቅ

«አልሠራልኝም» ብቻ ብለው ከጻፉ የሚመልስ አያገኙም። የስህተቱን መልእክት ሙሉውን፣ የሶፍትዌሩን ቨርዥን፣ የዳታውን የመጋጠሚያ ሥርዓት እና አስቀድመው የሞከሩትን ይላኩ። ከሁለት ወይም ከሦስት ተማሪዎች ጋር በሳምንት አንድ ቀን ስክሪን እየተጋሩ መሥራትም ትልቅ ነገር ነው። ከክፍሉ የጎደለውን የጎረቤት ወንበር የሚተካው ይህ ነው።

8. የመመረቂያ ጽሑፍ

ፕሮፖዛሉን ከማስገባትዎ በፊት ዳታውን በትንሽ ቦታ ይሞክሩት። ብዙ ሰው የሚወድቀው ደመና ላይ ነው። የክረምት ሰብልን በሴንቲኔል 2 ላጥና ብለው ይነሳሉ፤ ምስሎቹን ሲከፍቱ ግን ሁሉም ነጭ ነው። እንዲህ ከሆነ ደመናን አልፎ የሚያየውን የሴንቲኔል 1 ራዳር ያስቡ፣ ወይም ጥያቄውን ወደ በጋ ያዙሩት። ይህን በመጀመሪያው ወር ማወቅ ማስረከቢያው ሲደርስ ከማወቅ እጅግ ይሻላል።

የመሬት ሽፋን ካርታ ከሠሩ፣ ኮምፒውተሩን ለማሠልጠን ባልተጠቀሙባቸው ነጥቦች ትክክለኛነቱን ይፈትሹ፤ ውጤቱ ዝቅ ካለም እንዳለ ይጻፉት። ለፈተናው የሚቀርብ ካርታ ብቻ አይሥሩ። ዳታውን፣ ኮዱንና የሠሩበትን ቅደም ተከተል አንድ ላይ አሽገው ለአንድ የክፍል ጓደኛዎ ይላኩለት። እርስዎን ምንም ሳይጠይቅ፣ በራሱ ኮምፒውተር አስኪዶት ያንኑ ካርታ ካወጣ፣ ሥራዎ ለማስረከብ ደርሷል።