የእንግሊዝኛ ኮቨር ሌተር ልካችሁ የሚደውል ከጠፋ፦ ችግሩና መፍትሄው

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለውጭ ድርጅት ለማመልከት የግድ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም። ደሴ ያሉ የእርዳታ ድርጅቶችም ሲቪ ሲጠይቁ ኮቨር ሌተር፣ ማለትም ለሥራው ለምን እንደምትሆኑ የሚገልጽ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ አብሮ እንዲገባ ይፈልጋሉ። አመልክታችሁ ዝም ከተባላችሁ አብሽሩ፤ ብዙ ጊዜ ጎበዙን ልጅ የሚጥለው ደብዳቤው ነው፣ ደብዳቤ ደግሞ ይስተካከላል።

ብዙ ቦታ አስገባሁ፣ አንድም አልደወለም

መንስኤው፦ ደብዳቤው ለየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚሆን ነው። ጽሕፈት ቤት ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ናሙና ማስከፈት፣ ስምና ስልክ ማስቀየር፣ ማሳተም የተለመደ ነው። በዚህ መንገድ የወጣ ደብዳቤ ሁሉ «ሃርድ ዎርኪንግ» እና «ቲም ፕሌየር» ይላል፤ አንዳንዱ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳይቀየር ይቀራል።

መፍትሄው፦ ማስታወቂያውን ፊታችሁ አድርጉና ከተጠየቁት ችሎታዎች ዋና የሚመስሏችሁን ሁለቱን ምረጡ። ለእያንዳንዳቸው በእጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተመራቂ ለልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪነት ያመለክታል እንበል። «ታታሪ ነኝ» ቢል የሚያምነው የለም። «በተግባር ልምምድ ጊዜዬ ከስፌት መስመር የሚወጣውን ሸሚዝ እየለካሁ፣ ስፌቱ የተዘለለውንና ቀለሙ የተለያየውን ለይቼ በየሰዓቱ እመዘግብ ነበር» ቢል ግን አንባቢው ልጁን ሥራው ላይ ቆሞ ያየዋል። እንግሊዝኛውም አይከብድም፤ «አይ ሜዠርድ»፣ «አይ ቼክድ»፣ «አይ ሪከርድድ» ይበቃሉ። ቀጥሎ ይህ ልምድ ለተጠየቀው ሥራ በምን እንደሚጠቅም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሲቪውን መልሶ መገልበጥ አያስፈልግም፣ አብሮ ተያይዟል።

የሥራ ልምዳችሁ ዜሮ ዓመት ለሆናችሁም ያው ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ። ደሴ ሙጋድ ገበያ የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ዕቃ መቁጠርና ሂሳብ መያዝም ለስቶር ሠራተኛነት ወይም ለሂሳብ ረዳትነት የሚጻፍ እውነተኛ ሥራ ነው፤ አትናቁት።

ደብዳቤው አቤቱታ ይመስላል

በአማርኛ ማመልከቻ «ቤተሰብ የማስተዳድር ስለሆንኩ በትህትና እጠይቃለሁ» ማለት ለምዶብናል። ችግሩ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ቀጣሪው ግን በዚያች ገጽ የሚፈልገው የራሱን ክፍት ቦታ የሚሞላለትን ሰው ነው። ልመናውን አውጥታችሁ የመጀመሪያውን መስመር የሥራ መደቡን ስምና ማስታወቂያውን የት እንዳያችሁት ለመግለጽ ተጠቀሙበት።

የምረቃ ዓመቱ ግራ ያጋባል

ሰኔ 2016 የተመረቀ ልጅ በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ላይ 2016 ብሎ ከጻፈ የውጭ ሥራ አስኪያጅ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ አድርጎ ያነበዋል። ትክክለኛው ጁን 2024 ነው። በእኛ ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ሲቪው ላይ ያለውም ቀን አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ።

ስም አጠራሩ ይሳሳታል

ለኢትዮጵያዊ ኃላፊ ከ«ሚስተር» ወይም ከ«ሚስ» በኋላ የሚመጣው የራሱ ስም ነው፤ ለፈረንጅ የቤተሰቡ ስም። የቻይና ስም ሲሆን የቤተሰቡ ስም ብዙውን ጊዜ ፊት ስለሚመጣ አስተውሉ። ስም ጠርታችሁ ከጀመራችሁ መዝጊያው «ዩርስ ሲንሲርሊ» ነው፤ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ካላችሁ «ዩርስ ፌዝፉሊ»።

ተጠርቼ ቃለ መጠይቁ ላይ ወደቅሁ

ደብዳቤውን ሰው ወይም ቻትጂፒቲ ጽፎት ከሆነ ጠያቂው «እስቲ ይህን አስረዳኝ» ሲል ቃሉ የእናንተ ስላልሆነ ይጠፋባችኋል። ማሳረም ነውር የለውም። ነገር ግን ከመላካችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አፋችሁ ላይ የሚሰናከለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቀላል ቃል ቀይሩት።

ኢሜይሉ ደርሶ ፋይሉ አይከፈትም

በስልክ የተነሳ ፎቶ አትላኩ። ዎርዱን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩና ፋይሉን በስማችሁና በሥራ መደቡ ሰይሙት። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ የፊደሉም መጠን 11 ወይም 12 ይሁን። መጀመሪያ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩትና በስልካችሁ ከፍታችሁ እዩት።