ከፒክአፕ ወደ ፒክአፕ የተዛወረ የፋብሪካ ቴፕ፦ ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ፒክአፕ ተገጭቶ ወይም ሞተሩ ተበላሽቶ ሲቆም፣ የፋብሪካ ቴፑ ብዙ ጊዜ ወደ ተመሳሳይ ፒክአፕ ይዛወራል። ሶኬቱ ገጥሞና ክሩስኮቱ ተዘግቶ ቴፑ አልሠራም ሲል ግን ባለቤቱም ገጣሚውም «ተቃጥሏል» ለማለት ይቸኩላሉ። ተቃጠለ ተብለው ከመጡልኝ ቴፖች መካከል ጤነኛ ሆነው ያገኘኋቸው ጥቂት አይደሉም። ሶኬቱ ስለተመሳሰለ ሽቦው፣ የመኪናው ሞዴል ስለተመሳሰለ ደግሞ የተሠራበት አገር የተመሳሰለ መስሎ ስለሚታይ ነው ችግሩ የሚፈጠረው።

ማንኛውም ሽቦ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል። የእኛ ከተማ ፀሐይ ለዓመታት ያደረቀው የክሩስኮት ፕላስቲክ መንጠቆው በቀላሉ ስለሚሰበር በካቻቢቴ መፈልቀቅ የለበትም።

ቴፑ ጨርሶ አይበራም

መጀመሪያ ፊውዝ ይታያል፤ አንዱ በመኪናው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ፣ ሌላው ብዙ ጊዜ በቴፑ ጀርባ ላይ ይገኛል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሦስት ሽቦዎች በቴስተር ይለካሉ፦ ቁልፍ ተነቅሎም ቢሆን 12 ቮልት የሚሰጠው ቋሚ መስመር፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚሰጠው መስመር እና ማሳው (ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚገናኘው የኔጋቲቭ መስመር)። በብዙ የቶዮታ ፒክአፖች ላይ ባለ አሥር እግሩ ሶኬት ኤሌክትሪኩንና የፊት ስፒከሮችን፣ ባለ ስድስት እግሩ ደግሞ የኋላ ስፒከሮችን ይይዛል። በአብዛኛው ቋሚው ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ያለው፣ የቁልፉ ግራጫ፣ ማሳው ደግሞ ቡናማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቴፕ የሚገድል ስህተት አለ። ከገበያ በሚገዛ ቴፕ ላይ ቢጫ ቋሚ፣ ቀይ የቁልፍ፣ ጥቁር ማሳ ሲሆን፣ በቶዮታ የፋብሪካ ሽቦ ላይ ግን እነዚሁ ሦስት ቀለሞች የኋላ ስፒከር ሽቦዎች ናቸው፤ ጥቁርና ቢጫ የግራው፣ ቀይ ከነጭ ጋር የቀኙ። ሶኬቱን ቆርጦ በለመደው ቀለም የሚያያይዝ ሰው 12 ቮልቱን በቀጥታ ወደ ድምፅ ማጉያው መውጫ ይልከዋል፤ ያን ጊዜ ቴፑ በእርግጥም ይቃጠላል። ስለዚህ ሶኬት አይቆረጥ፤ መቆረጡ የግድ ከሆነም ቀለም ሳይሆን ቴስተር ይታመን።

በአንዳንድ አዳዲስ ፒክአፖች ላይ የቁልፍ ሽቦ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፤ ቴፑን የሚቀሰቅሰው ከመኪናው ኮምፒውተር በዳታ መስመር የሚመጣ ትእዛዝ ነው። እንዲህ ያለው ቴፕ በስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መሣሪያ) ካልተመዘገበ በስተቀር በሽቦ ብልሃት ስለማይነሳ፣ ምዝገባውን የሚሠራ ጋራዥ ሳይገኝ ባይገዛ ይሻላል።

ጣቢያና ሰዓት ይረሳል፣ ወይም ባትሪ ይጨርሳል

ሁለቱ ምልክቶች የአንድ ስህተት ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ቋሚውና የቁልፉ ሽቦ ቦታ ከተቀያየሩ፣ ወይም ቋሚውን የሚመግበው ፊውዝ ከተቃጠለ፣ ቴፑ ቁልፍ በተነቀለ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል። በተቃራኒው ሁለቱም ሽቦዎች ከቋሚው ጋር ከተጣመሩ ቴፑ አያንቀላፋም። 0.5 አምፔር የሚስብ ቴፕ የ70 አምፔር ሰዓት ባትሪን በ6 ቀን ገደማ ባዶ ያደርጋል፤ ሞተሩ መነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ለማረጋገጥ መኪናው ተቆልፎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ቴስተሩን በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል አስገብቶ መለካት ነው፤ ከ0.05 አምፔር በላይ ከሆነና ቴፑ ሲነቀል ከወረደ ጥፋተኛው ታውቋል።

የፊት መብራት ሲበራ ቴፑ ይጠፋል ወይም ፊውዝ ይቃጠላል

ከመብራት ጋር የሚመጣው ሽቦ፣ በቶዮታ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴው፣ የቴፑ መጫኛ ቁልፎች በጨለማ እንዲታዩ ብርሃን ለመስጠት ብቻ የተሠራ ነው። አንድ ሰው ከማሳ ጋር ካገናኘው መብራት ሲበራ ፊውዙ ይቃጠላል። የቴፑ ማሳ ከላላ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በዚሁ መስመር በኩል መመለሻ ስለሚፈልግ ቴፑ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ማሳውን ቀለም በሌለው የቦዲ ብረት ላይ በብሎን ማሰር ይበቃል፤ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ የፉጨት ድምፅ ካለም መጀመሪያ የሚፈተሸው ይኸው ማሳ ነው።

ከ90 በላይ ያሉትን ጣቢያዎች አይዝም

ይህ በከተማችን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግር ሲሆን፣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ጃፓን ለአገር ውስጥ የምትሠራው ቴፕ ኤፍኤምን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ፣ አዳዲሶቹ ደግሞ እስከ 95 ወይም ከዚያ በላይ ይይዛሉ፤ የእኛ ጣቢያዎች ግን ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ናቸው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተሠራ ፒክአፕ የወጣ ቴፕ ይህ ችግር የለበትም።

መፍትሄው በአንቴናው ገመድና በቴፑ መካከል የሚገባ የባንድ መለወጫ ነው፤ የራሱ ማሳና የቁልፍ 12 ቮልት ይፈልጋል። ሲገዛ ስንት ሜጋኸርትዝ እንደሚቀንስ ይጠየቅ። እስከ 90 ብቻ በሚይዝ ቴፕ ላይ 20 የሚቀንሰው 106.1ን ወደ 86.1 አውርዶ ያሰማል፤ 94.8ን ግን ወደ 74.8 ስለሚጥለው ቴፑ አይደርስበትም። 16 የሚቀንሰው 94.8ን ወደ 78.8 ሲያመጣ፣ 106.1ን 90.1 ላይ ስለሚተወው ለጥቂት ያመልጣል። ስለዚህ ባለቤቱ አዘውትሮ የሚሰማውን ጣቢያ አስቀድሞ ይናገር፤ ሁሉንም የሚፈልግ ሰው መለወጫውን ትቶ ሌላ ቴፕ ቢፈልግ ገንዘቡን ያተርፋል።

ለአሜሪካ የተሠራ ቴፕ ደግሞ እስከ 108 ይደርሳል፤ ነገር ግን በ0.2 ሜጋኸርትዝ ስለሚዘል 106.1ን ይዞ 94.8ን ያልፈዋል። ሁሉም ጣቢያዎች ደካማ ከሆኑና ከከተማው በላይ ወዳለው ከፍታ፣ ወደ ደንገጎ፣ ሲወጣም ምንም ለውጥ ካልታየ ግን ነገሩ የባንድ ሳይሆን የአንቴና ነው፤ መሰኪያው እስከ መጨረሻው መግባቱ፣ አንቴናው የራሱ ማጉያ ካለውም 12 ቮልት ማግኘቱ ይታይ።

ድምፁ ትንሽ ነው፣ ወይም ባሱ ጠፍቷል

ከባለ ሁለት ጋቢና የወጣ ቴፕ ወደ ባለ አንድ ጋቢና ሲገባ ድምፁ ወደ ኋላ እንደተላከ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ የኋላ ስፒከር ስለሌለ ዝምታ ይመስላል። በሴቲንጉ ወደ ፊት መመለስ ይበቃል። ባሱ ከጠፋ አንደኛው ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጧል። የስፒከሩ ሽቦዎች ከቴፑ ተላቅቀው በ1.5 ቮልት የሰዓት ባትሪ ለአፍታ ሲነኩ ስፒከሩ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቩ ነው። የስፒከር ኔጋቲቭን ከማሳ ጋር ማገናኘት በድሮ ቴፕ ይሠራ ነበር፤ በአሁኖቹ ግን ማጉያውን ያቃጥላል። እኔም ሥራውን ስጀምር አንዱን በዚሁ አቃጥዬ ከኪሴ ከፍያለሁ።

ኮድ ይጠይቃል

የስርቆት መከላከያ ያለው ቴፕ ከባትሪ ሲለይ ይቆለፋል። በግምት ደጋግሞ ማስገባት ቁልፉን ያጠብቀዋል፤ ኮዱ ያለው ከቀድሞው መኪና ሰነድ ጋር ወይም በቴፑ መለያ ቁጥር አማካኝነት በአምራቹ ወኪል ዘንድ ነው። ሻጩ ኮዱን ካላመጣ፣ ቴፑ ከየት እንደወጣ ሳይጠየቅ ገንዘብ ባይከፈል ይመረጣል።