ከርነሉ ዲስክ አላይም ሲል፦ ድራይቨሩ ዋይ ይሁን ኤም?

የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ራሳችሁ አዋቅራችሁ ገነባችሁ፣ አዲሱ ግን ዲስኩን አላየም እንበል። ኬብል ፈትሻችኋል፣ ማሽኑም በድሮው ከርነል ይነሳል ብዬ ልጀምር። ቀሪው ጥያቄ ሜኑኮንፊግ (የከርነሉ ማዋቀሪያ ሜኑ) ላይ የትኛው ድራይቨር ዋይ (Y) ተብሎ ከርነሉ ውስጥ ይገባል፣ የትኛውስ ኤም (M) ተብሎ ሞጁል፣ ማለትም ሲፈለግ ለብቻው የሚጫን ፋይል፣ ይሆናል ነው።

ምልክት፦ «ከርነል ፓኒክ»፣ ሩት ማውንት አልሆነም

በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው፦ ከርነሉ ሲስተሙ ያለበትን ክፋይ (ሩቱን) መክፈት ስላቃተው ይቆማል። ድራይቨሩ ኤም ተደርጓል፣ ኢኒትራምኤፍኤስ (ሩቱ ሳይከፈት ሞጁሎችን ይዞ ሚሞሪ ላይ የሚወጣው ትንሽ ሲስተም) ግን አልተሰራም። ሞጁሉ ያለው ዲስኩ ላይ፣ ዲስኩን የሚከፍተው ሞጁሉ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

ስህተቱ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ያሉትን ቁጥሮች እዩ። 0,0 ከሆነ ከርነሉ ሩት ያለበትን ዲስክ አላገኘውም። 8,1 ከሆነ ዲስኩንና ክፋዩን አይቷል፤ የጎደለው የፋይል ሲስተሙ ድራይቨር ነው፣ ለምሳሌ ኤክስት 4። ይህን መስመር ሳያነቡ ኮንፊጉን ከዜሮ የሚጀምሩ ሰዎች ያደክሙኛል።

አንዴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ካለ ኢንተርኔት ቤት አሮጌ ዴስክቶፕ መጣልኝ። ከርነሉን ማንም አልነካውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓኒክ፣ 0,0። ባለቤቱ ዲስኩ ተቃጥሏል ብሎ አዲስ ሊገዛ ታይዋን ገበያ ሊሄድ ተነስቷል። «ቆይ አቦ» አልኩትና ባዮስ ገባሁ። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ሴቲንጉ ሁሉ ተሰርዞ የሳታው (ዲስኩ የሚሰካበት መስመር) ሞድ ከኤኤችሲአይ ወደ ድሮው አይዲኢ ዞሯል። ከርነሉ ውስጥ ያለው የኤኤችሲአይ ድራይቨር ብቻ ነው፤ ለአይዲኢ የሚሆነው ኤቲኤ ፒክስ የለም። ባትሪ ቀየርን፣ ሞዱን መለስን፣ ተነሳ። ባትሪውንም ከካርቶን ላይ ተላቆ በፍሬ የሚሸጠውን አትግዙ። ያው ወር ሳይሞላ ትመለሳላችሁ።

መፍትሄ፦ ኤኤችሲአይ፣ ኤቲኤ ፒክስ፣ ኤንቪኤምኢ (ለአዳዲሶቹ ኤስኤስዲዎች) እና የሩቱ ፋይል ሲስተም ዋይ ይሁኑ። የስካዚ ዲስክ ድጋፍንም ዋይ አድርጉ። ሳታ ዲስክ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ስሙ የድሮ ስለሚመስል ሁሉም ይዘለዋል። አለበለዚያ ኢኒትራምኤፍኤስ ስሩ። ማስጠንቀቂያ፦ ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ ሩቱን በዩዩአይዲ (በፋይል ሲስተሙ መለያ) ብትጠሩት ከርነሉ አያውቀውም። ፓርትዩዩአይዲ (የክፋዩን መለያ) ግን ያውቃል። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮውን ከርነል ከግሩብ (ከማስነሻው ሜኑ) አታጥፉ። አታጥፉ!

ምልክት፦ ዋይፋይ የለም፣ ሎጉ ፈርምዌር አልተገኘም ይላል

እዚህ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ድራይቨሩ ዋይ ስለሆነ ዲስኩ ሳይከፈት ፈርምዌሩን (ካርዱ ላይ የሚጫነውን ፋይል) ይጠይቃል። ኤም አድርጉት፣ ሩቱ ከተከፈተ በኋላ ይጫናል። ኤም ሌላም ጥቅም አለው፦ ካርዱ ሲደርቅ ሞጁሉን አውጥቶ መመለስ ይቻላል። ዋይ ከሆነ ያላችሁ ሪስታርት ነው።

ምልክት፦ ፍላሽ አይነበብም

ኮንፊጉን የሚያሳጥረውን ሎካልሞድኮንፊግ የሚባል ትዕዛዝ ተጠቅማችኋል። እሱ በዚያች ሰዓት ያልተጫነውን ሞጁል ሁሉ ይቆርጣል። ትዕዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን፣ ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ሰኩ።

ሞድፕሮብ ዲ (የሞጁል ሴቲንግ የሚጻፍበት ፎልደር) ውስጥ የጻፋችሁት ኦፕሽን ካልሰራ ድራይቨሩ ዋይ ነው፤ በከርነሉ ኮማንድ ላይን ስጡት። ኤልኤስሞድ (የተጫኑ ሞጁሎችን የሚዘረዝረው ትዕዛዝ) ላይ አለመታየቱም ለዚሁ ነው።

ኤም ያደረጋችሁት አንዱም ካልተጫነ ደግሞ ሞጁልስ ኢንስቶልን (ሞጁሎቹን ቦታቸው የሚያስቀምጠውን ትዕዛዝ) ረስታችኋል።