የተቆላ ቡና የመሰለ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎችን እንዴት ማርባት ይቻላል?

ማራንስ በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከላ ሮሼል ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው የዶሮ ዝርያ የሚጥለው እንቁላል ቅርፊቱ ደህና አድርጎ የተቆላ ቡና ይመስላል። ኔዘርላንድስም ከዌልሱም መንደር ዌልሰመርን፣ ከባርነቬልድ ባርነቬልደርን አውጥታለች፤ የእነዚህ እንቁላል ግን እንደ ጥሩ ማራንስ አይጠቁርም። አገር ቤት በብዛት የምናውቃቸው ቦቫንስ ብራውን እና ሎህማን ብራውን የሚጥሉት ፈካ ያለ ቡናማ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። እኔ የማረባው ማራንስ ነው፤ የምጽፈውም በእሱ ላይ ተመሥርቼ ነው።

መጀመሪያ፦ ዘሩን በላባው ሳይሆን በእንቁላሉ ይምረጡ

የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች የገዛሁት "ማራንስ ናቸው" ስለተባልኩ ብቻ ነበር። አድገው አንገታቸው መዳብ መሰለ፤ አይን ይስቡ ነበር። መጣል ሲጀምሩ ግን እንቁላላቸው ማኪያቶ የመሰለ ሆኖ ቀረ። አንድ ዓመት ሙሉ መግቤያቸው ያዘንኩበት ስህተት ነው፤ እናንተ አትድገሙት።

የፈረንሳይ አርቢዎች እንቁላሉን ከ1 እስከ 9 በሚደርስ የቀለም መለኪያ ይመዝኑታል፤ ከ4 በታች የሆነውን የማራንስ እንቁላል አይሉትም። ሻጩን የወላጆቹን እንቁላል አሁን ያሳይዎት ዘንድ ይጠይቁት። አውራ ዶሮው ከምን ዓይነት እንቁላል እንደተፈለፈለም ይጠይቁ። አውራው እንቁላል ባይጥልም ሴት ልጆቹ ግማሹን ዘር የሚወርሱት ከእሱ ስለሆነ፣ ከነጣ እንቁላል የወጣ አውራ የመንጋውን እንቁላል በሙሉ ያነጣዋል።

ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪጣል 25 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ገደማ የሚያልፈው ቅርፊቱ በሚሠራበት ክፍል ነው፤ ፕሮቶፖርፊሪን የሚባለው ቡናማ ቀለም በብዛት የሚቀባው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው። እንቁላሉ ገና እርጥብ ሳለ በጥፍር ቢፋቅ ቀለሙ ይነሳል፤ ከሥሩ ፈካ ያለ ቅርፊት ይታያል።

የእንክብካቤው ምስጢር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ዶሮዋ ውሻ ካስደነገጣት፣ ሙቀት ካስጨነቃት ወይም ካመማት ያ የመጨረሻው ቅብ ይበላሻል። ስለዚህ ጥላ፣ ንጹሕ ውሃና ጸጥታ ከማንኛውም ነገር ይቀድማሉ። በርበሬ ወይም ቀይ ሥር በመኖ ውስጥ ቢጨምሩ ቅርፊቱን አያጠቁረውም። ቢጫ በቆሎና ቅጠላ ቅጠል የሚለውጡት አስኳሉን ነው።

ማስፈልፈል

የማስፈልፈያ መሣሪያው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጊዜው 21 ቀን ነው። የሚያስቸግረው ቅርፊቱ መጥቆሩ ነው፦ በ7ኛው ቀን እንቁላሉን በመብራት ቢያዩት ምንም ላይታይ ይችላል። ባዶ ነው ብለው አይጣሉት፤ እስከ 12ኛው ቀን ይታገሡና በጨለማ ክፍል በጠንካራ ባትሪ ይዩት።

ከማየት ይልቅ መመዘን ይሻላል። እስከ 18ኛው ቀን እንቁላሉ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይገባል፤ 70 ግራም የነበረው ወደ 61 ወይም 62 ግራም ይወርዳል ማለት ነው። ቅናሹ ትንሽ ከሆነ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ውሃ ይቀንሱ፣ ከበዛም ይጨምሩ። በ18ኛው ቀን፣ እስከዚያ ሲያደርጉት የነበረውን እንቁላሉን ማገላበጥ ያቁሙና እርጥበቱን ወደ 65–70 በመቶ ያድርሱት።

ጫጩቶቹን ማሳደግ

በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይስጧቸው፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀንሱ። ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ከሙቀቱ ከሸሹ በዝቶባቸዋል። የፈንግልን ክትባት ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተማክረው ያስከትቡ፤ ኢንፌክሺየስ ብሮንካይተስ የሚባለውን የመተንፈሻ አካል በሽታ ክትባትም አይርሱ። ይህ በሽታ በጫጩትነት ከያዛቸው የእንቁላል መተላለፊያቸውን ሊጎዳው ይችላል፤ በኋላ የሚጥሉትም የነጣና የተሸበሸበ ይሆናል።

የፈረንሳይ ማራንስ እግሩ ላይ ላባ አለው። ጭቃ ይይዝበታል፣ የእግር እከክም ከላባው ሥር ይደበቃል። ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን፤ በየጊዜው ላባውን ገለጥ አድርገው ቆዳውን ይዩ። በቤቱ ውስጥ ለአንዷ 0.4 ካሬ ሜትር፣ በግቢ ደግሞ 1 ካሬ ሜትር ያህል ይበቃታል።

መጣል ሲጀምሩ

ማራንስ ቶሎ አይጥልም፤ ከ6 እስከ 8 ወር ያስጠብቃል። ቄቦቹ መጣል ሳይጀምሩ የእንቁላል ጣይ መኖ አይስጧቸው፤ በውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ከጀመሩ በኋላ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መኖ ይስጡ፤ የተፈጨ የባሕር ዛጎል ደግሞ በሌላ ዕቃ ያስቀምጡላቸው። በዓመት ከ150 እስከ 200 እንቁላል ካገኙ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ከሁሉም የጠቆሩ ናቸው። ወራት እያለፉ ሲሄዱ ቀለሙ ይሳሳል፤ ዶሮዋ ላባዋን ቀይራ፣ አርፋ ስትመለስ ደግሞ ይጠቁራል። ይህ ተፈጥሮ ነውና አይደንግጡ።

ለቀጣዩ ትውልድ መምረጥ

ብዙ ሰው ለማስፈልፈል የሚያስቀምጠው እነዚያን የመጀመሪያዎቹን ነው። እኔ አልስማማም። ጥሩዋ ጣይ የምትለየው መጣል ከጀመረች በ3ኛው ወይም በ4ኛው ወር ቀለሟን ይዛ ስትቆይ ነው። ብዙ የምትጥል ዶሮ ቀለሟ መሳሳቱ የተለመደ ነው፤ በሳምንት 3 ጥቁር እንቁላል የምትጥል ጤነኛ ዶሮ ለዘር ትበልጥብኛለች።

እንቁላሉን በቀን ሁለት ጊዜ ይሰብስቡ፣ ቀለሙ እንዳይነሳም አይፈትጉት። የእናቲቱን ቁጥርና ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት፤ ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያስቀምጡትና በ7 ቀን ውስጥ ወደ ማስፈልፈያው ያስገቡት። ያንኑ በደብተርም ይመዝግቡ፣ ከጎኑ የእንቁላሉን ፎቶ ያኑሩ። አንድ ቀን ጫጩት ሊገዛ የሚመጣ ሰው "ወላጆቹ ምን ዓይነት እንቁላል ይጥላሉ?" ብሎ ሲጠይቅዎ ደብተሩን ከፍተው ያሳዩታል።